ጀርባው ላይ ስምንት የተጻፈበት እስፒከር

ጥር 17 ቀን 1975 ዓ.ም. ማክሰኞ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ መርዳሳ ቴስተር ሊዋስ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ኃይለየሱስ ሱቅ መጣ። ኃይለየሱስ ሰዓቱን ያልረሳው በሌላ ምክንያት አይደለም። ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር አርፍዶ ገና ያን ጊዜ ናዝሬት ጣቢያ ሲገባ ጡሩምባውን ነፋ፤ እሱም እንደ ልማዱ ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አየ። ዓይኑን ሲመልስ መርዳሳ በሩ ላይ ቆሟል።

«አከም ቡልተኒ፣ ጋሼ» አለ መርዳሳ።

ኃይለየሱስ ደህና ማደሩን ተናግሮ የፈታውን ራዲዮ መጎርጎሩን ቀጠለ። ልጁ ለምን እንደመጣ ያውቃል። በማለዳ የአብዱልመናን ሎንቺና መጥቶ ከማዶው ሱቅ በር ላይ ሲቆም በመስኮቱ አይቷል። አብዱልመናን የሃያ ዓመት ጓደኛው ነው። መኪና በለወጠ ቁጥር ቴፕ የሚያስገባለት ኃይለየሱስ ነበር፤ በሱቁ በኩል ሲያልፍም ክላክስ ሳያደርግ አልፎ አያውቅም። ዛሬ ግን ክላክስ አላደረገም። ቀስ ብሎ መጣና አፍንጫውን ወደ መርዳሳ በር አዙሮ ቆመ። በጓደኛ በር ላይ ኮቴውን አጥፍቶ እንደሚያልፍ ሰው።

መርዳሳ የሁሩታ ልጅ ነው። በ1963 በአሥራ አራት ዓመቱ መጥቶ ኃይለየሱስ ዘንድ ስድስት ዓመት ሙያ ተማረ። መበየድ ያስተማረው እሱ ነው። የተቃጠለ እስፒከር ከፍቶ፣ በልቡ ውስጥ የተጠቀለለውን ቀጭን ሽቦ ፈትቶ፣ በሌላ ሽቦ መልሶ መጠቅለልንም ያስተማረው እሱ ነው። ከዚያ ልጁ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ገብቶ ከኤሌክትሪክ ሠራተኞች ጋር አራት ዓመት ሠራ፤ መጽሐፍም አነበበ። በ1973 ተመልሶ ሲመጣ ሱቅ የከፈተው ልክ ከጌታው ፊት ለፊት ነበር። ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው የሚሉም ነበሩ፤ ኃይለየሱስ ግን አላመነም።

ነገሩ የከረረው በድምፅ ነው። አምፕሊፋየር በጀርባው ላይ የሚሸከመው ኦም ይጻፍበታል። ኦም ማለት እስፒከሩ ለሚመጣበት ኤሌክትሪክ የሚያሳየው እምቢታ ነው፤ እምቢታው ከተጻፈው ካነሰ አምፕሊፋየሩ ያለ ልኩ ይሰጣል፣ ይግላል፣ መጨረሻው ይቃጠላል። ኃይለየሱስ በ1958 የአንድ ሆቴል አምፕሊፋየር እንዲህ አቃጥሎ ሰው ፊት አፍሯል። ከዚያ ወዲህ ሁለት እስፒከር ሲያስር እንደ ባቡር ፉርጎ ነው፤ ያንዱን ጭራ ካንዱ ራስ ይቀጥላል። እንደዚያ ሲታሰሩ እምቢታቸው ይደመራል፤ ስምንትና ስምንት አሥራ ስድስት ይሆናል። ምንም አይቃጠልም። ድምፁ ግን ይከሳል። መርዳሳ ደግሞ አምፕሊፋየሩ አራት እችላለሁ ካለ፣ ስምንት ስምንቱን ጎን ለጎን ያስራቸዋል፤ ጎን ለጎን የታሰሩ ሁለት ስምንቶች አራት ይሆናሉ። አምፕሊፋየሩ ያለውን ሁሉ ይሰጣል። የመርዳሳ መኪናዎች ሞጆ መታጠፊያ ላይ ሳሉ ናዝሬት ይሰማሉ እያሉ ሾፌሮቹ ያጋንኑ ነበር፤ የኃይለየሱስን መኪና ደግሞ «ሙዚቃው ጉንፋን ይዞታል» ይሉታል።

ይህን ሰምቶ ነበር። ባለቤቱ ጥሩነሽ ናት የነገረችው፤ ስትነግረው ሳቋን አልዋጠችም።

እና መርዳሳ በሩ ላይ ቆሞ ነገሩን አስረዳው። የአብዱልመናን ልጅ ሳፊያ እሁድ አርሲ ነገሌ ትዳራለች። አባቷ ሙሽራዋንና አጃቢውን በሎንቺናው ይወስዳል፤ ለዚህም ሲል በአሰብ በኩል አምፕሊፋየር አስመጥቷል። ሁለት ትልልቅ ባስ እስፒከሮች ከኋላ ወንበር ሥር ይገባሉ። መርዳሳ ከማሰሩ በፊት ኦማቸውን በቴስተር መለካት ይፈልጋል። በዚያ መንገድ ላይ ቴስተር ያለው ኃይለየሱስ ብቻ ነው፤ መርዳሳም ሲፈልግ እየመጣ ይዋስ ነበር፣ ተከልክሎም አያውቅም።

ቴስተሩ በኃይለየሱስ ጉልበት በኩል ባለው መሳቢያ ውስጥ ነበር። አንድ ሰዓት እንኳ አልሆነውም ከተጠቀመበት።

«የቴስተሩ ባትሪ ድንጋይ ሞቷል» አለ ኃይለየሱስ።

«ከየት ይገኝ ይሆን?»

«ቀጭኑ ድንጋይ ከከተማው ከጠፋ ወር አልፎታል። አዲስ አበባ ካልተላከ።»

ድንጋዩ መጥፋቱ እውነት ነበር። የቴስተሩ መሞቱ ነው ውሸቱ። መርዳሳ ትንሽ ቆሞ መሳቢያውን አየ። ወይም ኃይለየሱስ ያየው መሰለው። ከዚያ ግድ የለም፣ ጀርባቸው ላይ ተጽፏል ብሎ አመስግኖ ሄደ። ማመስገኑ ኃይለየሱስን አናደደው። ቢቆጣ ይሻለው ነበር።

እስከዚህ ድረስ ተራ ክፋት ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤት መጥረቢያ እንደሚነፍገው። የባሰው የመጣው በማግስቱ ነው።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ አብዱልመናን ሁለቱን እስፒከሮች ከሎንቺናው አወረደ። አንዱ ከካርቶኑ የወጣ አዲስ ነው። ሁለተኛውን ሲያወርድ ኃይለየሱስ ከወንበሩ ተነሣ። በሰፊው ብረት ጀርባ ላይ ያለውን ጭረት ከማዶ ለይቶታል። በ1961 ከአንድ መሸታ ቤት ተቃጥሎ የተጣለውን እስፒከር አንሥቶ፣ ጠግኖ፣ ለአብዱልመናን ቤት ራዲዮግራም እንዲሆን የሰጠው እሱ ራሱ ነው። የጓደኝነት ስጦታ ነበር። የአብዱልመናን ሚስት መሪማ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሳሎኗ ውስጥ በዳንቴል ሸፍና አኑራዋለች።

የእስፒከሩ ጀርባ ስምንት ይላል፤ ፋብሪካው የቀረጸው ቁጥር ነው። ውስጡ ግን ስምንት አይደለም። ያኔ ቀጭን ሽቦ አልተገኘም። ኃይለየሱስ ያለውን ወፍራም ሽቦ ነው የጠቀለለበት፤ ወፍራሙ ሽቦ ደግሞ ቦታ ስለማይበቃው ዙሩ ትንሽ ሆነ። ጨርሶ ሲለካው ሦስት አለ። በፉርጎ አስተሳሰር ምንም አያመጣም ብሎ ተወው፤ ለማንም አልተናገረም። የሠራኸውን ጉድለት ለባለቤቱ መናገር ማን ይወዳል? በዚያች ከተማ ያለ ጠጋኝ ሁሉ እንደዚያው ነበር የሚያደርገው፤ ባገኘው ሽቦ ይጠቀልላል፣ የፋብሪካውን ቁጥር ግን አይፍቅም።

አሁን መርዳሳ ያንን ስምንት አምኖ ጎን ለጎን ሊያስረው ነው። አራት መሰለው፤ የሚሆነው ግን ሁለት ከትንሽ ነው። ኃይለየሱስ ሒሳቡን በጭንቅላቱ ሠራው። ከዚያ በወረቀት ሠራው።

መርዳሳ የባትሪ ድንጋይ ይዞ ጫፎቹን ነካ አደረገ፤ እስፒከሩ ጧ አለ፣ ሸራው ወደ ውጭ ተገፋ። ደህና ነው ማለት ነው። ኃይለየሱስ በርቀት ሲያየው የገዛ እጁን እንቅስቃሴ አየ። አውራ ጣቱን የሚያጥፍበት ሁኔታ ሳይቀር የኃይለየሱስ ነው። ይኸ ነገር ልቡን ሊያራራው ይገባ ነበር፤ አላራራውም። የኔኑ እጅ ይዞ የኔን ሰው ወሰደ ብሎ አሰበ።

መንገዱ ስፋቱ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ሐሙስ ሊሻገር ተነሥቶ ደንበኛ መጣበት። ዓርብ ማንም አልመጣበትም፣ ግን አልተሻገረም። እሱ ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ አለ። ጠይቆት እንደነበር ግን አልዘነጋውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙከራ ሆነ። ሎንቺናው በሩን ሁሉ ከፍቶ ሲጮኽ የሱቆቹ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። መንገዱ ሞላ። የባቡር ጣቢያው ጋሪ ነጂዎች ሳይቀሩ ጋሪያቸውን አቁመው ሰሙ። ባሱ በእግር ገብቶ በሆድ ነበር የሚወጣው። ኃይለየሱስ በዕድሜው እንደዚያ ያለ ድምፅ ከመኪና ሲወጣ አልሰማም፤ እውነቱን ለመናገር አማረው፤ ማማሩም እንደ ቁስል ጠዘጠዘው።

አብዱልመናን ላብ በላብ ሆኖ እየሳቀ ተሻገረ። ነገ ከጥሩነሽ ጋር ከፊት ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ ነገረው፤ ያለ እነሱ ሰርግ የለም አለ። ኃይለየሱስ አፉን ከፈተ። ያቺ አሮጌዋ እስፒከር እኮ ሊል ነበር። ቃሉ ጥርሱ ጋ ደርሶ ነበር።

«አየህ ኃይሌ» አለ አብዱልመናን ትከሻውን መታ መታ እያደረገ፣ «ለካ እስከ ዛሬ ሙዚቃ ስሰማ አልነበረም።»

ኃይለየሱስ አፉን መልሶ ዘጋ።

እሁድ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተነሡ። ሳፊያ በእናቷና በአክስቶቿ መካከል ተሸፋፍና ተቀመጠች። መርዳሳ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ፣ ከሾፌሩ ኋላ ባለችው ወንበር ላይ ነበር። ኃይለየሱስ ከፊት ተቀምጦ የልጁን ፊት በመስታወቱ ውስጥ ያያል። ሞጆን አለፉ፤ መቂ ላይ ሰዎች ከሻይ ቤት ወጥተው እጃቸውን አወዛወዙላቸው። ፀሐዩ እየበረታ ሄደ። ዝዋይ ደርሰው ለስላሳ ሲጠጡ መርዳሳ እጁን አምፕሊፋየሩ ላይ አድርጎ ቶሎ አነሣው። ፊቱን አኮሳተረ። የፀሐይ ሙቀት ነው ብሎ በጆንያ ጋረደለት።

ኃይለየሱስ ይህን በመስታወቱ አየ። አሁን አጥፋው ቢለው አሁንም ጊዜ ነበር። ጥሩነሽ ምን ሆነሃል፣ ፊትህ ጠቁሯል አለችው። መንገዱ አሞኛል አላት።

አርሲ ነገሌ ሊገቡ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀር፣ የሙሽራው ወገኖች በፈረስና በእግር ሊቀበሉ የወጡበት ሜዳ ላይ፣ አብዱልመናን ድምፁ እስከ መጨረሻው እንዲከፈት አዘዘ። መርዳሳ ጥቂት አመነታና ከፈተው። ሙዚቃው ለአንድ ደቂቃ ያህል ሜዳውን ሞላው። ከዚያ እንደሚቀደድ አቡጀዲ ድምፅ አወጣና ጸጥ አለ። ከጆንያው ሥር ጭስ ወጣ። የተቃጠለ ላስቲክና የተቃጠለ ሰም ሽታ ሎንቺናውን ሞላው፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ፤ ሳፊያ አሳላት። ተቀባዮቹ ሙዚቃ ጠብቀው ነበርና ፈረሶቻቸውን ይዘው ቆሙ።

ሰርጉ አልተበላሸም። መሪማ ከወንበር ሥር ባዶ ጀሪካን አወጣችና መምታት ጀመረች፤ አክስቶቹ ተቀበሏት፤ እያጨበጨቡ ገቡ። በኋላ ሲወራ እንዲያውም እንደዚያ የደመቀ አገባብ የለም ተባለ። አብዱልመናን ግን አማቾቹ ፊት ያፈረውን ዕፍረት አልረሳም። ከሎንቺናው ሲወርድ ወደ መርዳሳ ዞሮ ድምፁን ሳይጨምር ተናገረው።

«ጋሼህ ቢሠራው ኖሮ አይቃጠልም ነበር።»

ይኸን ኃይለየሱስ አጠገባቸው ቆሞ ሰማ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠብቀው የነበረ ቃል ነው። ጣፈጠው። አልዋሽም ብሎ ኋላ ለጥሩነሽ እንደነገራት፣ ያ ቃል ለግማሽ ሰዓት ያህል አፉ ውስጥ እንደ ማር ነበር። ምሳ ቀርቦ መርዳሳ ከሰው ተለይቶ ከሎንቺናው ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ሽቦ ሲከተል እስኪያየው ድረስ።

ረቡዕ መርዳሳ መጣ። ሰላምታ አልሰጠም። ያንን አሮጌ እስፒከር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። መካከሉ በምላጭ ተከፍቷል። የተጠቀለለው ሽቦ ይታያል፤ ሽቦው ላይ ተቀብቶ የደረቀው ቀይ የጥፍር ቀለምም ይታያል። ዙሩ እንዳይላቀቅ የጥሩነሽን የጥፍር ቀለም መቀባት የኃይለየሱስ ዘዴ ነው። ከናዝሬት እስከ ሻሸመኔ ሌላ ማንም አይቀባም፤ ከመርዳሳ በቀር። እሱም ከእሱ ነው የተማረው።

«ዙሩን ቆጠርኩት» አለ መርዳሳ። «ሠላሳ ስምንት ብቻ ነው፣ ጋሼ።»

 ከኃይለየሱስ ኋላ መደርደሪያ ላይ ቴስተሩ ተከፍቶ፣ ቀስቱ ቆሞ፣ ጫፎቹ የአንድ ራዲዮ ሆድ ውስጥ እንደገቡ ነበር። መርዳሳ ቀስቱን አየ። በሞተ ድንጋይ ያ ቀስት አይቆምም።

«ለአብዱልመናን ነገርከው?» አለ ኃይለየሱስ።

«ምን ብዬ?»

መርዳሳ እስፒከሩን ገልብጦ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ስምንት በጣቱ ነካ።

«ሦስት እንደሆነች ቢነግሩኝ እኮ እንደ ፉርጎ አስራት ነበር» አለ። «ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

እስፒከሩን እዚያው ትቶት መንገዱን ተሻገረ።

ኃይለየሱስ ለአብዱልመናን ሊነግረው ወሰነ። በዚያው ሳምንት ሊነግረው ነበር። አብዱልመናን ግን ዓርብ ዕለት ሱቁ በር ላይ መጥቶ እንደ ድሮው ክላክስ አደረገ፤ ገብቶ ተቀመጠ፤ አሮጌዋን ቴፕ እንዲመልስለት ለመነው፤ ድምፁ ቢከሳም ግድ የለኝም አለ። ኃይለየሱስ መለሰለት። ክላክሱን ሲሰማ የተሰማውን ደስታ እውነቱን በመናገር ሊያጣው አልወደደም። በሚቀጥለው ሳምንት አለ። ከዚያ ከጾሙ በኋላ አለ።

ወሬው ግን እግር አውጥቶ ነበር። የመርዳሳ አስተሳሰር ያቃጥላል ተባለ። ሾፌሮቹ አንድ በአንድ ቀሩ። ሞጆ ላይ ሳለ ናዝሬት ይሰማል ያሉት ራሳቸው ሾፌሮች፣ የሱን ሱቅ «ማንደጃው» ብለው ጠሩት። መርዳሳ አንድም ቀን የኃይለየሱስን ስም አላነሣም። በሐምሌ ሱቁን ዘግቶ ቁልፉን ለአከራዩ መለሰ፤ የቀን ሥራ ሲያገኝ እየሠራ ከረመ። በ1976 ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ የሰፈሩ ቀበሌ አስቀድሞ የጻፈው ቋሚ ሥራ የሌላቸውን ነበር። የጫናቸው መኪና በዚያው መንገድ አለፈ። ኃይለየሱስ በር ላይ ወጥቶ ቆመ። መርዳሳ ከላይ ሆኖ አየው፤ እጁን አላነሣም፣ ፊቱንም አላዞረም።

የመርዳሳ መርዶ በ1980 ሰኔ ላይ መጣ። ሰሜን፣ የሬዲዮ መገናኛ ክፍል ውስጥ እያለ ማለፉን ብቻ ነበር የተናገሩት። አብዱልመናን ሎንቺናውን አውጥቶ የመንገዱን ሰው ለልቅሶ ሁሩታ አደረሰ። የመርዳሳ እናት ኃይለየሱስ ጋሼ የተባለው ሰው መሆኑን ሲነግሯት ከሌላው ሁሉ አስቀድማ እጁን ይዛ አለቀሰች። ልጄ እጁን ካንተ ነው ያገኘው ይል ነበር አለችው። ከወንጂም ከሠራዊቱም በላከው ደብዳቤ ሁሉ ሰላምታ ይልክለት እንደነበር ነገረችው። አንዱም ደብዳቤ ለኃይለየሱስ አልተነበበለትም ነበር፤ ናዝሬት የሚያደርስ ሰው አልነበራትም።

ሲመለሱ ኃይለየሱስ ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ ሁሉንም ለአብዱልመናን ነገረው። የጠቀለለውን ሽቦ ነገረው፣ ስምንቱንና ሦስቱን ነገረው፣ ድንጋዩ ሞቷል ማለቱን ነገረው። አብዱልመናን እስኪጨርስ ሰማው። መኪናውን አላቆመም፣ ፍጥነቱንም አልለወጠም። ናዝሬት ገብተው ሱቁ በር ላይ ሲያወርደው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው።

«ሜዳው ላይ ክፈተው ስለው፣ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ ኃይለየሱስ።

አብዱልመናን በሩን ሳበና ሄደ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ማለፉን አልተወም፤ ክላክስ ግን አላደረገም። ሎንቺናውን በ1982 ለአንድ የሻሸመኔ ነጋዴ ሸጠው። ነጋዴው ከኋላ ወንበር ሥር የቀረውን አንዱን እስፒከር አውጥቶ በቦታው ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ አግዳሚ ገጠመበት።